ጥፋቱ የአፈሙዙ ነው ወይስ የእጁ?

ሰው መሣሪያ መሥራት ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ አንድ ክርክር ከእጁ ተለይቶት አያውቅም። ሥራው ሲሰምር ምስጋናው የማን ነው? ሳይሰምር ሲቀርስ ወቀሳው በማን ላይ ይውደቅ? አራሽ ማረሻው ዶለዶመብኝ ይላል፤ ሸማኔ ድሩ ተበጠሰብኝ ይላል፤ ተዋናይ መድረኩ ጠበበኝ፣ ደራሲም ዘመኑ አልተመቸኝም ይላል። ከእነዚህ አቤቱታዎች መካከል እውነተኞቹ ብዙ ናቸው። እውነተኞቹ ብዙ በመሆናቸውም ሐሰተኞቹ በመካከላቸው ተደብቀው ለመኖር አልተቸገሩም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው የሕዝብ ብሂል የተነገረው ኃይለኛውን መንካት አቅቶት በደካማው ላይ ለሚበረታ ሰው ነው። ነገር ግን ሰው ከማንም አብልጦ የሚፈራው ራሱን መሆኑን ለሚያስተውል አንባቢ ብሂሉ ሌላም ትርጉም ይሰጣል፤ አህያው ባለቤቱ ራሱ፣ ዳውላውም በእጁ የያዘው መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

ይህን ክርክር በረቂቁ ከማብሰልሰል ይልቅ ጠባብና ተጨባጭ በሆነ አንድ ሙያ ውስጥ አስገብቶ መመርመር ይጠቅማል። ሙያው የሽጉጥ ተኩስ ስፖርት ነው። ምርጫው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ የሽጉጥ ስም ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው ስፖርት ሳይሆን ደም ነውና። ወደዚያም መመለስ የግድ ይሆናል። ለጊዜው ግን ዒላማው ወረቀት ነው እንበል። ከወረቀት ፊት የቆመ ተኳሽ በሌሎች ሙያዎች እምብዛም የማይገኝ አንድ ዕድል፣ ወይም አንድ ጭንቀት አለው፤ የሥራው ውጤት ቀዳዳ ሆኖ ወዲያውኑ ይታያል። በግጥም ዓለም እንደሚደረገው «ይህ የአንባቢው የመረዳት ችግር ነው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም።

መሣሪያ በግለሰቦች እጅ በብዛት በሚገኝባት በአሜሪካ በተኩስ ስፖርት ወዳጆች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ። ወደ ተኩስ ሜዳ ሄዶ ዒላማውን ሲስት የዋለ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሽጉጡን ይፈታና አፈሙዙን፣ ማለትም አረሩ እየተሽከረከረ የሚወጣበትን ቱቦ፣ በሞርሳ ያስራል። በሞረድ ይፍቃል፤ ውስጡን ይወለውላል፤ ጫፉን ያስተካክላል፤ አለዚያም አዲስ አፈሙዝ ገዝቶ በገዛ እጁ ለመግጠም ይታገላል። ይህ ሁሉ ድካም የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፤ ስሕተቱ ያለው በብረቱ ውስጥ ነው፣ ብረቱም በትዕግሥት ይታረማል በሚል እምነት።

እምነቱ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። በአፈሙዝ ውስጥ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የሚዞሩ ቦዮች አሉ። ቦዮቹ አረሩን ያሽከረክሩታል፤ የሚሽከረከር አረርም እንደ እንዝርት ሚዛኑን ጠብቆ ይጓዛል። የአውሮፓ አንጥረኞች ይህን ጥበብ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይሠሩበት ነበር። ምክንያቱን በስሌት ለማስረዳት የሞከረው ቤንጃሚን ሮቢንስ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ግን የተነሣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። እጅ ከስሌት ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ መሄዱ ቀጥቃጭን ለሚንቁ ሊቃውንት ሁሉ ጥሩ ትምህርት ይሆን ነበር። አረሩ ቱቦውን ለቆ በሚወጣባት ቅጽበት ከኋላ የሚገፋው የባሩድ ጋዝ ዙሪያውን እኩል ማምለጥ ይኖርበታል። የአፈሙዙ ከንፈር በአንድ ጎኑ ከተሸረፈ ወይም ከተዛነፈ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ከጅራቱ ገፍቶ ያዘነብለዋል። ስለዚህ ከንፈሩን እኩል ማድረግ ተረት ሳይሆን እውነተኛ ጥቅም ያለው ሥራ ነው። በአንጻሩ አፈሙዝ በረዘመ ቁጥር ተኩሱ በራሱ ይቀናል የሚለው የብዙዎች አስተያየት ግማሽ እውነት ብቻ ነው፤ ረጅሙ አፈሙዝ በአመዛኙ የሚረዳው ዓይንን ነው፣ የፊተኛውንና የኋለኛውን ማነጣጠሪያ ስለሚያራርቅ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የአገጣጠሙ ነገር ነው። ጆን ብራውኒንግ ነድፎት የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው ሽጉጥ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የዚህ ሽጉጥ ማነጣጠሪያዎች የተተከሉት በአፈሙዙ ላይ ሳይሆን ከበላዩ በሚንሸራተተው ክፍል ላይ ነው። በተተኮሰ ቁጥር ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አፈሙዙም ከመቆለፊያው ተላቆ ዝቅ ይላል፤ ከዚያም ሁለቱ ተመልሰው ይገጥማሉ። እንግዲህ ዓይን የሚያምነው አንዱን፣ አረር የሚከተለው ሌላውን ነው ማለት ነው። አፈሙዙ ከየተኩሱ በኋላ በትክክል ወደ ቀድሞ ቦታው ከተመለሰ ዓይንና አረር ይስማማሉ፤ በክር ውፍረት ያህል እንኳ ሌላ ቦታ ላይ ካረፈ ግን ማነጣጠሪያው በቅንነት ይዋሻል። የአሜሪካ ጦር የተኩስ ቡድን ባለሙያዎች ለውድድር የሚሆኑ ሽጉጦችን አፈሙዝ በእጃቸው እየሞረዱ ይገጥሙ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዓላማቸው አፈሙዙን ይበልጥ ቀና ለማድረግ ሳይሆን ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ የሚመለስ ለማድረግ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ይገባል። ዘወትር አራት ጣት ወደ ግራ የሚስት ሽጉጥ መጥፎ ሽጉጥ አይደለም። ማነጣጠሪያውን አራት ጣት ማዞር በቂ ነው፤ ይታረማል። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴም በአጋጣሚ ከመሐል የሚመታው ግን አይታረምም፤ ምክንያቱም ስሕተቱ አድራሻ የለውም። ከሰውም ወገን እንዲሁ ነው። የተሳሳተ አቋም ይዞ በአቋሙ ከሚጸና ሰው ጋር ተከራክሮ ማሳመን ወይም ማመን ይቻላል። ትናንት ያለውን ዛሬ የማይለው፣ ዛሬ ያለውንም ነገ የሚክደው፣ አልፎ አልፎ እውነቱን ሲመታ «አላልኩም ነበር?» የሚለው ሰው ግን ለወዳጅም ለባላንጣም አይመችም። የአጋጣሚ መምታት ከቋሚ መሳት የከፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ መማርን ይከለክላልና።

ሌላም አለ። ሞረድ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከብረት ላይ የተፋቀ ተመልሶ አይለጠፍም። አፈሙዙን በእጁ የሚያበጅ ሰው ጥቂት ሲፍቅ ትንሽ መሻሻል ያያል፤ መሻሻሉ ያስደስተዋል፤ ይጨምራል። ከዚያም በማይታወቅ አንድ ነጥብ ላይ የውስጡ ቦይ ከሚገባው በላይ ይሰፋል፣ መቆለፊያው ይላላል፤ ከዚያች ነጥብ ወዲህ መመለስ የለም። ነገሩ በዒላማ መሳት ብቻ አያበቃም፤ ያለ ዕውቀት የተነካካ መሣሪያ በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የራስን ጥፋት በመሣሪያ ውስጥ ሲፈልጉ ደኅናውን መሣሪያ ማጥፋት ከዚህ ሙያ ውጭም የታወቀ ነው። ድርሰቱ ያልጣመው ደራሲ ቃላቱን ሲፍቅና ሲፍቅ ከርሞ መጨረሻ ላይ በእጁ የቀረው የተወለወለ ባዶ ቱቦ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ታዲያ ጥፋቱ የብረቱ ይሁን የእጁ በምን ይታወቃል? መልሱ ቀላልና ጨካኝ ነው፤ እጁን ማስወጣት። ሽጉጡ ወይም ጠመንጃው በማይነቃነቅ ማሰሪያ ላይ ይታሰርና ይተኮሳል። በዚያን ጊዜ የሚታየው መበታተን የብረቱና የጥይቱ ነው፤ ሰው ሲይዘው የሚጨመረው ሁሉ ደግሞ የሰውየው ነው።

ይህን ዳኝነት እስከ መጨረሻው ካደረሱት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ነበር። ዊትዎርዝ ጠመንጃ ሠሪ ሆኖ አልተነሣም፤ ሙያው መለካት ነበር። በወጣትነቱ የደከመው ፍጹም ልሙጥ የሆነ የብረት ገጽ ለማበጀት ሲሆን የተከተለውም ዘዴ ከነፍሰ ነገሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሊወሳ ይገባዋል። ሁለት ብረቶች እርስ በርስ እየተያዩ ቢፋቁ ፍጹም ይገጥማሉ፤ ይሁን እንጂ መግጠማቸው ልሙጥነታቸውን አያረጋግጥም። አንዱ ጎርበጥ፣ ሌላው ጎድጎድ ብሎ በአንድ ስሕተት ላይ ተስማምተው ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ ብረት መጥቶ ከሁለቱም ጋር በየተራ ሲገጥም ብቻ ስምምነቱ እውነት መሆኑ ይታወቃል። ዊትዎርዝ ይህን እ.ኤ.አ. በ1840 ግላስጎው ላይ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ አስረዳ። ሁለት ሰዎች ተስማምተዋልና ነገሩ እውነት ነው ብለው ስብሰባ የሚዘጉ ሁሉ ሦስተኛውን ብረት ቢያስታውሱ አይጎዱም።

እ.ኤ.አ. በ1854 የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ጠመንጃ አሠራር እንዲያጠና ዊትዎርዝን ጠየቀው። እርሱም በማንቸስተር ከተማ 500 ያርድ፣ ማለትም ከ450 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የተሸፈነ የተኩስ ዳስ አሠራ፤ ነፋስ እንዳይገባና አረሩ በመንገዱ ላይ የተዘረጉትን ስስ ወረቀቶች እየበሳ ሲያልፍ አካሄዱ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዲታይ። ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረሰበት አፈሙዝ ውስጡ ባለ ስድስት ጎን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1857 በተደረገው የመንግሥት ፈተና በ500 ያርድ ርቀት የእርሱ ጠመንጃ አማካይ ስሕተት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሠራዊቱ ይጠቀምበት የነበረው የኤንፊልድ ጠመንጃ ስሕተት ወደ 68 ሳንቲ ሜትር ይደርስ ነበር። ያም ሆኖ ሠራዊቱ አልተቀበለውም፤ ዋጋው ውድ ነበር፣ ውስጡም በባሩድ ጥላሸት ቶሎ ይደፈን ነበር። ከሁሉ የቀናው መሣሪያ ሁልጊዜ ከሁሉ የሚጠቅመው እንዳልሆነ ማንሳት ተገቢ ነው፤ ጉዳዩ ግን ሌላ ነው።

ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1860 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ተኩስ ማኅበር የመጀመሪያውን ውድድር በዊምብልደን ሲያካሂድ፣ መክፈቻውን እንዲያደርጉ የተጋበዙት ንግሥት ቪክቶሪያ ነበሩ። ዊትዎርዝ ጠመንጃውን በብረት ማሰሪያ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ፤ ከቃታው ላይ የሐር ገመድ አሠረ። ንግሥቲቱ ገመዱን ሳብ አደረጉ። አረሩ በ400 ያርድ ርቀት ላይ ከነበረው ዒላማ እምብርት ከ3 ሳንቲ ሜትር በጥቂት ብቻ ርቆ አረፈ። ሕዝቡም አጨበጨበ።

ጭብጨባው ለማን ነበር? ንግሥቲቱ አላነጣጠሩም፤ እስትንፋሳቸውን አላመቁም፤ ክንዳቸው አልደከመም። ገመዱን የሳበ ሕፃን ቢሆንም አረሩ ከዚያው ያርፍ ነበር። የመታው ብረቱ ነው እንዳይባል ብረት ፈቃድ የለውም። ዊትዎርዝ ነው ቢባል ደግሞ ገመዱን አልሳበም። አጋጣሚው እንደ ጨዋታ ቢታይም የዘመናዊውን ሥራ ሁሉ ምስጢር በአንድ ትርዒት ያሳየ ነበር፤ አንዱ ይቀርጻል፣ ሌላው ያስተካክላል፣ ሦስተኛው ገመዱን ይስባል፣ ጭብጨባውም ለሦስተኛው ይሆናል። አረሩ ከዒላማው ወጥቶ ሰው ቢመታ ኖሮ ሦስቱም እርስ በርስ በተያዩ ነበር።

ከማሰሪያው ወደ ሰው እጅ ሲመለሱ ነገሩ ይለወጣል። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ማነጣጠሪያ 16 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ሽጉጥ ላይ ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፉ በ25 ሜትር ርቀት ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከ15 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። በኦሊምፒክ የ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር! የተዋጣለት የአፈሙዝ ሥራ የሚያድነው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ፣ እጅ በአንድ ሚሊ ሜትር መንቀጥቀጥ ከዚያ የበለጠውን ያባክናል። አሠልጣኞች ይህን ለጀማሪ በቃል አይነግሩትም። ከጥይቶቹ መካከል የማይተኮስ ቀለህ ሳያሳውቁት ይቀላቅሉበታል። ተኳሹ ቃታውን ይስባል፤ ድምፅ የለም፤ ነገር ግን የአፈሙዙ ጫፍ ወደ መሬት ሲደፋ ሁሉም ያያል። ሊመጣ ያለውን ድምፅ ፈርቶ አስቀድሞ የደነገጠው እጁ ነው። በቀደሙት ተኩሶች ሁሉ ይህ ድንጋጤ ነበረ፤ ፍንዳታው ይሸፍነው ነበር እንጂ። በብዙ የሥራ መስክ ያለው ጫጫታም ከዚህ የተለየ ጥቅም አይሰጥም።

የሃንጋሪው ወታደር ካሮይ ታካች ታሪክ መነሣት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ታካች በቀኝ እጁ የታወቀ የሽጉጥ ተኳሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 በወታደራዊ ልምምድ ላይ ጉድለት ያለበት የእጅ ቦምብ ፈነዳና ያንኑ ቀኝ እጁን አጠፋው። መሣሪያውን ለመውቀስ ከእርሱ የተሻለ ምክንያት የነበረው ሰው አይገኝም፤ በእርግጥም የበደለው መሣሪያ ነበር። ታካች ግን ከሆስፒታል ሲወጣ ሽጉጡን በግራ እጁ ያዘና ለብቻው ልምምድ ጀመረ። በተከታዩ ዓመት የሀገሩን ሻምፒዮና አሸነፈ። ጦርነቱ የ1940ንና የ1944ን ኦሊምፒክ ሰረዘበት። እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ላይ በ38 ዓመቱ በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ 580 ነጥብ አስመዝግቦ በዓለም ክብረ ወሰን ወርቅ ወሰደ፤ በ1952ም ሄልሲንኪ ላይ ወርቁን ደገመው። ይህ ሰው ያበጀው አፈሙዝ አልነበረም፤ እጅ ነበር። አዲስ ብረት ሳይገዛ፣ እስከዚያ ቀን ምንም የማያውቀውን የራሱን ግራ ክንድ ከሀ ሁ ጀምሮ አስተማረ። ሞረድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል ተብሎ ነበር፤ ሥጋና ጅማት ግን ከተፋቀበት ሌላ ቦታ ላይ ሊበቅል ይችላል።

የታካች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለሰነፎች ተግሣጽ ሆኖ ነው፤ «እርሱ ይህን ያደረገ አንተ ምን ቸግሮህ?» እየተባለ። በዚህ መልክ ሲነገር ታሪኩ ይጣመማል። የቦምቡን ጉድለት ያስረሳልና። ያንን ቦምብ የሠራና የመረመረ፣ ደኅና ነው ብሎ ለወታደር እጅ ያስረከበ ሰው ነበረ። የታካች ጽናት ያን ሰው ከጥፋቱ ነጻ አያወጣውም። ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል አጉሮ፣ ለአምስት ልጆች አንድ መጽሐፍ ሰጥቶ፣ ውጤቱ ዝቅ ሲል መምህሩን የሚወቅስ አካል፣ ጽናት የሚለውን ቃል በመናገር ብቻ ከተጠያቂነት ሊያመልጥ አይገባውም። የብረት ማሰሪያው ዳኝነት ጥቅም ለሁለቱም ወገን ነው የሚባለው ስለዚህ ነው። ሽጉጡ ታስሮ ሲተኮስ ከተበታተነ፣ ተኳሹ ነጻ ነው፤ ወቀሳው ወደ ሠሪውና ወደ አስረካቢው ይሂድ። ታስሮ ካልተበታተነ ደግሞ ተኳሹ ሞረዱን ያስቀምጥ። ፈተናውን ሳያደርጉ መፋቅ ግን፣ ፈተናውንም ሳያደርጉ መውቀስ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፍርሃት ናቸው።

አፈሙዙን በትክክል ያበጀ ሰው ምን አተረፈ? ጥቂት ሳንቲ ሜትር። ከዚያ የሚበልጠውን ደግሞ አጣ፤ ማመካኛውን። ከዛሬ ወዲያ በወረቀቱ ላይ ከመሐል የራቀ ቀዳዳ ሲያይ ዞሮ የሚያየው ሌላ የለም። ብዙዎች ሥራውን ከማለቁ በፊት የሚተዉት፣ ወይም ሳይጨርሱት አዲስ አፈሙዝ የሚገዙት ምናልባት ይህን ቀን ስለሚፈሩ ሊሆን ይችላል።

«አጣ» የሚለው ቃል እዚህ የገባው በከንቱ አይደለም። ይህ የአማርኛ ግስ የተወለደው «ኀጥአ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ትርጉሙም የፈለገውን ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው። «ኃጢአት» የሚለውም ቃል ከዚሁ ሥር ይወጣል። ስለዚህ በቋንቋው ጥንታዊ አስተሳሰብ ኃጢአት በመጀመሪያ ሕግ ማፍረስ ሳይሆን መሳት፣ ማጣት ነበር። ግሪኮችም ቀስተኛ ዒላማውን ሲስት የሚሉትን «ሐማርቲያ» የሚለውን ቃል አርስቶትል በትራጄዲ ውስጥ ለሚገኘው ባለታሪክ ጥፋት ተጠቀመበት፤ በክፋት ሳይሆን በመሳት ለሚወድቀው ሰው። የዕብራይስጡም ቃል ከግዕዙ ጋር አንድ ሥር ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ላይ ከነገደ ብንያም ስለተመረጡ ሰባት መቶ ግራኝ ወንጭፈኞች ሲነገር፣ ድንጋይ ወንጭፈው ጠጉር እንኳ አይስቱም የሚለው የዕብራይስጥ ግስ «ኃጢአት» የሚባለው ቃል የወጣበት ራሱ ግስ ነው። በቃሉ ጥሬ ትርጉም እነዚህ ሰዎች ኃጢአት የሌለባቸው ነበሩ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን የተሰለፉት ለማን ነበር? ለጊብዓ ሰዎች። የጊብዓ ወሮበሎች አንዲትን እንግዳ ሴት ሌሊቱን ሙሉ ደፍረው ለሞት አብቅተዋት ነበር። የእስራኤል ነገዶች ጥፋተኞቹ ይሰጡን ሲሉ ብንያም እምቢ አለ፤ እነዚያን ጠጉር የማይስቱ ወንጭፈኞችም ጥፋተኞቹን ለመከላከል አሰለፈ። ወንጭፋቸው አልሳተም፤ እነርሱ ግን ስተዋል። እዚህ ላይ «መሳት» የሚለው ቃል ለሁለት ይሰነጠቃል። አንደኛው መሳት በሳንቲ ሜትር ይለካል፤ ማሰሪያና ስስ ወረቀት፣ ሞረድና ትዕግሥት ያርሙታል። ሁለተኛው የሚለካበት ዳስ እስከ ዛሬ አልተሠራም። የሚያስፈራው ነገር ደግሞ የመጀመሪያውን መሳት ያሸነፈ ሰው ሁለተኛውንም ያሸነፈ ሊመስለው መቻሉ ነው። በሙያው ረቂቅ የሆነ ሰው ረቂቅነቱን እንደ ንጽሕና ቆጥሮት ለምን እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ቃላትን ጠጉር በማይስት ጥንቃቄ የሚሰድር ባለቅኔም ከብንያም ሰልፍ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ፈተና ከብረት ሠራተኛው ይልቅ ለኪነት ሰው የቀረበ ነው፤ ብረት ሠራተኛው ቢያንስ የሠራው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል።

እስካሁን ዒላማው ወረቀት ነው ተብሎ ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ የታወቀችው ሽጉጥ የተተኮሰችው ግን በወረቀት ላይ አይደለም። ዊምብልደን ላይ የሐሩን ገመድ የሳቡት ንግሥት ቪክቶሪያ፣ አፄ ቴዎድሮስ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉለት ደግነት ምስጋና እንዲሆን ሽጉጥ በስጦታ ልከውላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ መልስ ያላገኘው ደብዳቤ፣ የታሰሩት እንግሊዞች፣ የጄኔራል ናፒየር ዘመቻ። ንግሥቲቱ ገመዱን የሳቡት በ1860፣ ንጉሡ ቃታውን የሳቡትም በ1860 መሆኑ የዘመን አቆጣጠር መለያየት የፈጠረው መገጣጠም ነው፤ አንደኛው በእነርሱ፣ ሁለተኛው በእኛ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ወታደሮች የመቅደላን በር ጥሰው ሲገቡ አፄ ቴዎድሮስ በዚያች ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። በዚያ ርቀት የአፈሙዙ ከንፈር ቢሸረፍም ባይሸረፍም፣ እጅ ቢንቀጠቀጥም ባይንቀጠቀጥም ለውጥ አልነበረውም። በሽጉጧ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ የምስጋና ቃል ነበር።